መርዶ እንኳ ወግ አለው

በአገራችን መርዶ ወግ አለው። አንድ ሰው አባቱ ገጠር ቢሞቱበት ወሬው መጀመሪያ ለእሱ አይደርስም። ለጎረቤት ይደርሳል። ጎረቤት ለዕድሩ ዳኛ ይነግራል። የዕድሩ ዳኛ አንደበታቸው የሚሰማ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይመርጣል። "ዛሬ ማታ አይነገረው፣ እንቅልፉን ይተኛ" ይባላል። ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። ስኳር ካለበት አፉ ላይ የሆነ ነገር እንዲያደርግ ይደረጋል። ከዚያ "እስቲ ቁጭ በል" ይሉታል። ካረዱትም በኋላ ጥለውት አይሄዱም፤ እንባው እስኪያባራ አብረውት ይቀመጣሉ። በዚህ ዕድሜዬ መርዶን በፖስታ አሽጎ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ "በል ቤትህ ሂድና አንብበው" ያለ ዕድር አላየሁም።

ሐኪም ቤት ግን አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራስ ምታት ድሮም ያውቀኛል። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ይመጣና ግራ ጎኔን ይፈልጠኛል፤ መጋረጃ ዘግቼ ስተኛ ይለቀኛል። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ታስርና "ዛሬ አታናግሩኝ" ትለን ነበር። ባለፈው ዓመት ግን የእኔው ጠባዩን ለወጠ። በሳምንት አንዴ ሆነ። ቀጥሎ በሳምንት ሦስቴ ሆነ። በመጨረሻ ጠዋት አብሮኝ እየነቃ ማታ አብሮኝ መተኛት ጀመረ። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨምቆ ጠጣሁ። የሰፈራችን ፋርማሲ ልጅ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ማስታገሻውን ከመደርደሪያው ማውረድ ለመደ። ከኪሴ ኪኒን ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው ስላየሁ አልፈርድበትም። ከካርዱ ቀና ሳይል "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "ኤምአርአይ ተነሥተው ይምጡ" ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ምን እንደምውጥ አልጠየቀኝም። እናቴም እንዲህ ያማት እንደነበር የምነግርበት ቀዳዳ አላገኘሁም።

ለወር አስቤዛ የሚበቃ ገንዘብ ከፍዬ ተነሣሁ። ቀበቶ አውልቅ፣ ቀለበት አውልቅ፣ ቁልፍ አስቀምጥ ተባልኩ። ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ነውና ብረት አይወድም። ከዚያ ጠባብ ዋሻ ውስጥ አስገብተው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ አሰሙኝ። በማግስቱ በመስኮት በኩል አንዲት ልጅ እንደ ትራስ የሰፋ ፖስታ አቀበለችኝ።

"ምን ይላል የኔ ልጅ?" አልኳት።

"ለሐኪምዎ ያሳዩት" አለችኝ። ተራው የሌላ ሰው ነበር።

የሐኪሙ ቀጠሮ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እስቲ ፍረዱኝ፤ ስለ ገዛ አንጎሉ የተጻፈ ወረቀት ታቅፎ ዘጠኝ ቀን ሳይከፍት የሚቀመጥ ሰው ማነው? እኔ ታክሲ ውስጥ ከፈትኩት። ፊልሙ ጥቁር ነው፤ እንደ ተከፈለ ጎመን የሆነ ነገር ተደርድሮበታል። ወረቀቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ጋዜጣ ያስነብባል፣ ራዲዮ ያሰማል። ያንን ግን አላስቻለኝም። ማታ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን የእህቴን ልጅ ጠርቼ ሰጠሁት። ልጁ ምሕንድስና ነው የሚማረው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። "መልቲፕል" አለ፤ ብዙ ማለት ነው። "ሌዥን" አለ፤ ስልኩ ላይ ፈለገና ዝም አለ። ነጥቄ ሳየው "ቁስል፣ ጉዳት" ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የደም መፍሰስ፣ እብጠት፣ የውሃ መቋጠር የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። ልጁ ወረቀቱን አጠፈና "ጋሼ፣ ይሄን ሐኪም ቢያየው ይሻላል" አለኝ። ድምፁን ግን ሰማሁት። የመርዶ ነጋሪ ድምፅ ነው።

ዘጠኝ ቀን ሞትኩ። ቀልድ አይደለም። ያለብኝን ዕዳ ጻፍኩ። ሰዎች ያለባቸውንም ጻፍኩ፤ ይሄኛው አጭር ነበር። ስምንት ዓመት ያኮረፍኩትን ወንድሜን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምን እንደነካኝ ግራ ገባው። ባለቤቴ ማታ ማታ ማድ ቤት ገብታ ሽንኩርት በሌለበት ታለቅሳለች። ራስ ምታቱ ባሰ፤ እኔም ኪኒኑን አባስኩት።

በዘጠነኛው ቀን የቀጠረኝ ሐኪም አልነበረም። በምትኩ ያገኘሁት ሽበታም ሰው ነው። ፖስታውን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝና ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠው። "እሱን ቆይተን እናየዋለን። መጀመሪያ ስለ ሕመምዎ ያጫውቱኝ" አለኝ። እናንተዬ! በዚህ ሁሉ ወራት "ያጫውቱኝ" ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። የት እንደሚጀምረኝ፣ ብርሃን ይረብሸኝ እንደሆነ፣ ከቤተሰብ የሚያመው ሰው መኖሩን ጠየቀኝ። ዓይኔን በመብራት አየ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ፣ ወዲያ ወዲህ አራመደኝ፣ ደም ግፊቴን ለካ። ከዚያ፣

"ማስታገሻ በወር ስንት ቀን ይውጣሉ?" አለኝ።

"በወር? በየቀኑ ነው እንጂ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ስድስት ወር ሳይሆን አይቀርም።"

ፈገግ አለ። ራሱን የሚያመው ሰው ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ጠንከር ያሉትንና ቅልቅሎቹን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ከዋጠ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል አለኝ። በሕክምናው ዓለም የታወቀ፣ ስም የወጣለት ሕመም ነው። የድሮው ራስ ምታቴ ማይግሬን ነው፤ ከእናቴ የወረስኩት ሳይሆን አይቀርም። አዲሱን ያሳደግሁት ግን እኔው ነኝ፤ እየከፈልኩ፣ ከፋርማሲ እየገዛሁ!

ከዚህ በኋላ ነው ፖስታውን ያነሣው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለና በእስክሪብቶ ጫፍ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሳየኝ። "ቁስል የተባሉት እነዚህ ናቸው። ማይግሬን ባለባቸው፣ ደም ግፊት ባለባቸው፣ ዕድሜም በገፋ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያሉ። እንደ ሽበት ይቁጠሯቸው። ደም ግፊትዎን እንጠብቃለን፤ ከዚያ በላይ አያስጨንቅዎ" አለኝ። የደም መፍሰሱስ? እብጠቱስ? ሳቀ። ፊልም አንባቢው ሐኪም ያየውን ብቻ ሳይሆን ፈልጎ ያጣውንም ይጽፋል። የደም መፍሰስ የለም፣ እብጠት የለም፣ ውሃ አልቋጠረም ነው የሚለው። እኛ ቤት "ኖ" የምትለዋን ቃል ያያት ሰው አልነበረም። እሷን ትንሽ ቃል ባለማየታችን ነው ዘጠኝ ቀን የሞትኩት።

ኪኒኑን በሐኪሙ ምክር አቆምኩ። መጀመሪያ እንደሚብስብኝ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ግድግዳ አስቧጠጠኝ። ከዚያ ቀለለኝ። ዛሬ ራስ ምታቴ ወደ ድሮ ጠባዩ ተመልሷል፤ በዓመት አራት አምስት ጊዜ እንደ ዘመድ ይጠይቀኛል።

ይህን ያነበበ "ታዲያ ምን ሆንክ? ደኅና ነህ አይደል?" ይለኝ ይሆናል። ለራሴ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። የምጽፈው ስለ አንዲት ጎረቤታችን ነው።

እኚህ እናት ራሳቸውን ያማቸው ነበር። ቆይቶ ደግሞ የበሩን መቃን በትከሻቸው መግጨት ጀመሩ። ከጎናቸው ሰላም ብንላቸው አያዩንም። ኮሩ አልን። አረጁ አልን። ልጃቸው ወስዶ አስመረመራቸው፤ እሳቸውም እንደኔ ፖስታ ታቅፈው ተመለሱ። የእሳቸው ወረቀት ግን ሽበት አልነበረም። ከአንጎል ሥር ባለችው ዕጢ ላይ እብጠት በቅሎ የዓይን ነርቮች የሚተላለፉበትን ቦታ ተጭኗል ይላል። ልጁ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ አነበበው። አንብቦም ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። እናቱ እንዳይደነግጡ! "ምንም የለም፣ ድካም ነው ብለዋል" አላቸው። ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም ሌላ ቦታ ተቀይሯል፤ "የዚያች ሴትዮ ውጤት ምን ሆነ?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዓመት አለፈ። ሲጨልምባቸው ነው ፖስታው ከቁምሳጥን የወጣው። ቀዶ ሕክምናው ተሠራላቸው፤ ራስ ምታቱም ለቀቃቸው። ዓይናቸው ግን አልተመለሰም። ልጃቸው እግራቸው ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ምን እንዳሉት ሰምቻለሁ። "ልጄ፣ ዓይኑ እኮ የኔ ነበር። ምናለ ብትነግረኝ?" ነው ያሉት።

ልብ በሉ። እኔ ምንም ሳይኖርብኝ ሞቼ ሰነበትኩ። እሳቸው የሚድን ነገር ይዘው ዓይናቸውን አጡ። ሁለታችንም ያገኘነው ዘመኑ የሰጠውን ማሽን ነው። ሁለታችንም ያጣነው የሚያናግረን ሰው ነው።

ማሽኑን አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ፣ አትኪንሰን ሞርሊ በሚባል ሆስፒታል፣ አንዲት ሴት አንጎሏ በሲቲ ስካን ሲታይ በዓለም የመጀመሪያዋ ታካሚ ነበረች። ያን ማሽን ያበጀው ሃውንስፊልድ ከኮርማክ ጋር በ1979 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። በ2003 ደግሞ ላውተርበርና ማንስፊልድ በኤምአርአይ ተሸለሙ። ይገባቸዋል። ነገር ግን የለንደኗ ሴትዮ ዝም ብላ ማሽን ውስጥ አልተጣለችም። ሐኪሞቿ መርምረዋት፣ እብጠት ጠርጥረው ነው ያስገቧት። ጥያቄው ቀድሞ ነበር፤ ማሽኑ መለሰ። እኛ ዘንድ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልስ ይገዛል። ማይግሬን ደግሞ ፊልም ላይ አይታይም። ሕመም መልክ የለውም። ፊልሙ አንጎሌን ያሳያል እንጂ ኪሴ ውስጥ ያለውን ኪኒን አያሳይም።

ያልተጠየቀ ማሽን ደግሞ ያልተፈለገ ነገር ያወጣል። በ2007 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ተመራማሪዎች ሮተርዳም ውስጥ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ የሆነ 2,000 የከተማዋን ነዋሪዎች በኤምአርአይ አይተው ውጤቱን አሳተሙ። ታመው የመጡ አልነበሩም። ከመቶ 7.2 የሚሆኑት ሳያውቁት የደም ዝውውር የተቋረጠበት ቦታ አንጎላቸው ውስጥ ተገኘ። ከመቶ 1.8 በሚሆኑት ላይ ያበጠ የደም ሥር፣ ከመቶ 1.6 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ታየ። ስለዚህ "ፊልሙ ላይ የሆነ ነገር ታየ" ማለት "የሚያምህ እሱ ነው" ማለት አይደለም። ይህን ደግሞ ፊልም አንባቢዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። በብዙ ሪፖርት ግርጌ "ክሊኒካል ኮሪሌሽን" የሚል ነገር ይጽፋሉ። ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ፣ "እኔ ያየሁት ሥዕሉን ነው፤ ሰውየውን ያየኸው አንተ፣ ከሕመሙ ጋር አስተያየው" እንደማለት ነው። ወረቀቱ ራሱ "ሰውየውን አናግሩት" እያለ ይለምናል። እኛ ግን ወረቀቱን ለሰውየው አሸክመን ወደ ቤቱ እንሰደዋለን።

ሐኪም ወዳጆቼ አራት መከላከያ ያቀርቡልኛል።

አንደኛው "ጊዜ የለንም" ነው። እውነት ነው፤ ሰልፉን አይቼዋለሁ። ግን ሽበታሙ ሐኪም ከእኔ ጋር የፈጀው አሥራ አምስት ደቂቃ አይሆንም። ያ አሥራ አምስት ደቂቃ መጀመሪያ ቀን ተሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ማሽኑም፣ ሁለተኛው ቀጠሮም፣ ስድስት ወር የዋጥኩት ኪኒንም ይቀር ነበር። ጊዜ የፈጀው ዝምታው ነው።

ሁለተኛው "ሕዝቡ አይገባውም" ነው። ይህ ሕዝብ የዕድር ደንብ ያረቅቃል፣ የቁብ ሒሳብ ይይዛል፣ የርስት ክርክር አምስት ትውልድ ቆጥሮ ይከራከራል። "እንደ ሽበት ቁጠረው" የሚለው አይገባውም?

ሦስተኛው "አማርኛ ቃል የለውም" ነው። አማርኛ እኮ ሜኒንጃይተስን "ማጅራት ገትር" ያለ ቋንቋ ነው። በሽታውን የሰየመው በዋናው ምልክቱ፣ በማጅራት መገተር ነው! ራሴን ፈለጠኝ፣ ወጋኝ፣ ከበደኝ፣ ናላዬን አዞረው ሲል እያንዳንዱን ለይቶ ነው። ቃል የጠፋው ከቋንቋው ሳይሆን ከእኛ ልብ ነው።

አራተኛው "ይደነግጣሉ" የሚለው ነው። ይህ የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የእኛ የቤተሰቦችም ኃጢአት ነው። ሰው የሚደነግጠው ሲነገረው ብቻ አይደለም፤ ሳይነገረው ሲቀር ይበልጥ ይደነግጣል። ደግሞስ ድንጋጤ ያልፋል፤ የጎረቤታችን ዓይን ግን በዚያው ቀረ። እኛ መርዶን አናውቅበትም እንዳንባል፣ ከእኛ በላይ የሚያውቅበት ማን አለ? ሰዓቱን መምረጥ፣ አስቀምጦ መንገር፣ ነግሮ አለመሄድ፤ ይሄን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ነን። ለሟች ቤተሰብ የምናደርገውን በሕይወት ላለው በሽተኛ ነፈግነው።

የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ እናቷን ሆስፒታል ስትወስድ ሐኪሙ ስልክ ያነሣል፤ ከስልኩ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው ይወጣና "እማማ፣ ዶክተሩ እንዲህ ይላሉ" እያለ ያስረዳቸዋል። በቸርነት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ በነፃ ማስተርጎም በሕግ ግዴታው ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ እናት አማርኛቸውን ይዘው ውቅያኖስ ተሻግረው ሲታከሙ ይተረጎምላቸዋል። አዲስ አበባ ያለችው ጎረቤታችን፣ ሐኪሙም አማርኛ ተናጋሪ፣ ልጁም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ሳለ፣ በእንግሊዝኛ ታሽጎ ተሰጣቸው። አማርኛ ስልም የእኔው ስለሆነ ነው። ኦሮምኛ ለሚናገር በኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ለሚናገር በሲዳምኛ ይነገረው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሐኪሞቹ ወረቀት በእንግሊዝኛ ይሁን፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። ግን ማንም ሰው ሦስት ነገር ሳይነገረው ፖስታ ታቅፎ ከሐኪም ቤት በር አይውጣ። ምን ታየ? የሚያመኝ በእሱ ምክንያት ነው ወይስ አይደለም? ቀጥሎ ምን ላድርግ? ሦስት ዓረፍተ ነገር በአፍ ይነገረው፤ ቢቻል ግርጌው ላይ ይጻፍለት። ምርመራ ያዘዘ ሐኪም ደግሞ የውጤቱ ባለቤት ይሁን፤ እሱ ቢቀየር የሚረከበው ሰው ይኑር።

እኛ ታካሚዎችም ሥራ አለብን። ሐኪም ፊት ስንቀርብ "ያመኛል" ብቻ ብለን ዝም አንበል። በየትኛው ቀን እንዳመመን፣ ስንት ፍሬ እንደዋጥን በደብተር ጽፈን እንሂድ። ፊልሙን አንጣል፤ ነገ ከአዲሱ ጋር ይተያያል። ሳይነግሩን "ጨርሰዋል" ሲሉን ከወንበራችን አንነሣ። ደግሞም ቀጠሮ የማይጠብቅ ራስ ምታት አለ፤ እንደ መብረቅ ድንገት የወረደ፣ ትኩሳትና የማጅራት መገተር ያለበት፣ እጅ እግር ያሰነፈ፣ አንደበት ያሰረ፣ ያንቀጠቀጠ፣ ዓይን የጋረደ። ያን ጊዜ ዳማከሴም ፋርማሲም ሳይሉ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ያቺን የመስኮት ልጅ አሁንም አስባታለሁ። እሷ ምን ታድርግ? "ለሐኪምዎ ያሳዩት" በይ ተብላለች። ግን በዚያች መስኮት በየቀኑ ስንት ፖስታ ይወጣ ይሆን? ከስንቱስ ውስጥ ሽበት፣ ከስንቱስ ውስጥ የሚድን ዓይን አለ? ታክሲ ውስጥ ፖስታውን ይከፍቱታል፤ ወይም ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል።

ቸር ያሰማን። ቸር ባይሆን እንኳ፣ "እስቲ ቁጭ በል" ብሎ የሚነግረን ሰው አያሳጣን።